«ኢትዮጵያ አራተኛ» ብሎ የጻፈው ተማሪ



ባለፈው ሳምንት ለሰባተኛ ክፍል በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሰጠሁት የእግር ኳስ መልመጃ በግቢያችንም በየቤቱም ብዙ ነገር እንዳናገረ ሰምቻለሁ። አንድ ተማሪ በደብተሩ ላይ «ኢትዮጵያ አራተኛ፣ 1 ነጥብ» ብሎ በመጻፉ ጓደኞቹ «ባንዳ» ብለውታል፤ ቤቱ ሲደርስም ቁጣ ጠብቆታል። ከዚያ በኋላ ሁለት አባቶች ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «ልጆቻችን በሰው አገር ተቀምጠው የገዛ አገራቸውን ማዋረድ ነው የሚማሩት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለሁለቱ ብቻ በበር ላይ ቆሜ ከምሰጥ በጋዜጣችን ላይ ለሁላችሁም ብጽፈው ይሻላል ብዬ አሰብኩ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ልጁ ደግ አድርጎ ሠርቷል። ይህን የምለው ግምቱ ስለተሳካለት አይደለም፤ ለግምቱ ምክንያት ስላቀረበ ነው።

በመጀመሪያ መልመጃው ምን እንደነበረ ላላያችሁት ልግለጽ። ርዕሱ እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ሐ ነበር። በዚህ ምድብ ዛምቢያ፣ ናይጄሪያ፣ ቡርኪና ፋሶና ኢትዮጵያ ተደልድለው ነበር። ይህን ምድብ የመረጥኩት ተማሪዎቻችን ያኔ ወይ አልተወለዱም፣ ወይ በአንቀልባ ላይ ስለነበሩ ነው፤ ውጤቱን አያውቁም። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የጻፍኩላቸው ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት፣ ማለትም በጥር 2005 ዓ.ም. ጥምቀት ሲከበር ማንም ሰው ሊያውቀው ይችል የነበረውን ብቻ ነው። ከዚያም አራቱን ቡድኖች በደረጃ አስቀምጡ፣ ነጥባቸውን ስጡ፣ ለእያንዳንዱም ደረጃ ምክንያት ጻፉ አልኳቸው። አራት ቡድን ማለት ስድስት ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ዓይነት ፍጻሜ ሊኖረው ይችላል፤ ሦስትን ስድስት ጊዜ በራሱ ብታባዙት 729 ይመጣል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ደረጃ ሲያወጣ ከ729 መንገድ አንዱን እየመረጠ ነው። በጭፍን መምረጥ እንደማይቻል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ጥያቄ አላገኘሁም።

በሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር።

ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ሆና ነው የመጣችው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ሊበርቪል ላይ አይቮሪ ኮስትን ያለ ግብ ከተለያየች በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት 8 ለ 7 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። ከተማዋ ሊበርቪል መሆኗ ታሪክ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የዛምቢያን ብሔራዊ ቡድን የጫነው አውሮፕላን የወደቀው ከዚያው ከተማ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ነበር። አሠልጣኙ ፈረንሳዊው ኤርቬ ሬናር፣ አምበሉ ክሪስቶፈር ካቶንጎ ናቸው። ይሁን እንጂ ለ2013ቱ ውድድር ያለፈችው ዩጋንዳን እንደምንም ብላ በፍጹም ቅጣት ምት ጥላ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ያላት ተማሪ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ «ሻምፒዮን» የሚለውን ቃል ሲያዩ ማንበባቸውን አቆሙ።

ናይጄሪያ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1994 ዋንጫ የወሰደች፣ ነገር ግን ለ2012ቱ ውድድር እንኳ ያላለፈች ቡድን ነበረች። አሠልጣኟ ስቴፈን ኬሺ በ1994 አምበል ሆኖ ዋንጫ ያነሣ ሰው ነው። በቼልሲ የሚጫወቱት ጆን ኦቢ ሚኬልና ቪክተር ሞሰስ ነበሩበት፤ ኬሺ ግን በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ልጆችንም ደፍሮ ይዞ መጥቷል። ስሟ ትልቅ፣ የቅርብ ጊዜ ሥራዋ ግን ትንሽ የሆነ ቡድን ማለት ነው።

ቡርኪና ፋሶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1998 በራሷ ሜዳ አዘጋጅታ አራተኛ ከመውጣቷ በቀር በዚህ ውድድር የሚነገርላት ነገር አልነበረም። በ2012 ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸንፋ ነው የተመለሰችው፤ ከሦስቱ አሸናፊዎች አንዷ ደግሞ ይህች ያለንባት ሱዳን ነበረች፤ 2 ለ 1 ረትታት ሩብ ፍጻሜ ገብታለች። ይህን በሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ቸኮለ። ስለ ቡርኪና ፋሶ የመጣው ሐሳብ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ሱዳን ቡርኪና ፋሶን አሸነፈች፤ ኢትዮጵያ ሱዳንን ጣለች፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ቡርኪና ፋሶን ታሸንፋለች።»

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በቁጥር ሀ ከለ ቢበልጥ፣ ለ ከሐ ቢበልጥ፣ ሀ ከሐ መብለጡ አይቀርም። ቁጥር ግን ጉልበቱ አይጎዳም፣ አሠልጣኝ አይቀይርም፣ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ቀይ ካርድ አያይም። አምስት ሁልጊዜ አምስት ነው፤ የጥር ቡርኪና ፋሶ ግን ያለፈው ዓመት ቡርኪና ፋሶ አይደለችም። ከክፍሉ ይህን ያየችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። «ቡርኪና ፋሶ ሦስቱንም ብትሸነፍም ሁለቱን በአንድ ግብ ልዩነት ነው፤ መጥፎ ቡድን እንዲህ አይሸነፍም» ብላ ሁለተኛ አደረገቻት። ሳቁባት።

ወደ ኢትዮጵያ ልምጣ። ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ነበር ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው። ከዚያ በፊት የተሳተፈው እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ሲሆን፣ ያኔም ከናይጄሪያና ከዛምቢያ ጋር በአንድ ምድብ ነበር፤ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ አንድም ግብ ሳያገባ ተመልሷል። ለ2013ቱ ሲያልፍ የመጨረሻ ተጋጣሚው ሱዳን ነበረች። በጳጉሜ 2004 ዓ.ም. እዚሁ ሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሲሆን ከሜዳ ውጭ ባገባቸው ሦስት ግቦች አለፈ። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ (ያልጨረስኩት ትምህርት፣ ሌላ ታሪክ ነው)፤ የዚያን ዕለት ማታ የነበረውን ደስታ ዛሬ ለእናንተ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። ከእኔ ዕድሜ በታች ያለ ሰው ኢትዮጵያን በአፍሪካ ዋንጫ አይቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ደብተሮቹን እንመልከት። ከክፍሉ እኩሌታ የሚበልጠው «ኢትዮጵያ አንደኛ» ብሏል። አንዳንዱ ዘጠኝ ነጥብ ሰጥቷል፤ ሦስቱንም ታሸንፋለች ማለት ነው። የምክንያቱ ቦታ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ «አገሬ ስለሆነች» ይላል። «ባንዳ» የተባለው ልጅ ደግሞ እንዲህ ጻፈ፦ «አንደኛ፣ 31 ዓመት ያልተሳተፈ ቡድን ልምድ የለውም። ሁለተኛ፣ በሱዳን አምስት ግብ የገባበት ተከላካይ ናይጄሪያን አያቆምም። ሦስተኛ፣ ዛምቢያ ከዩጋንዳ ጋር ስለተቸገረች ከእሷ ጋር አቻ እንወጣለን።» ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ መስመር ጨምሯል፦ «እኔ ግን እንድናሸንፍ እፈልጋለሁ።»

ወላጆች ሆይ፣ ያችን የመጨረሻ መስመር ማንም ያነበባት የለም። የተነበበው «አራተኛ» የሚለው ብቻ ነው።

እውነተኛው ውጤት ምን ነበር? ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ኢትዮጵያ ከዛምቢያ ተጫወተች። በደቡብ አፍሪካ በስደት የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሰውት ነበር። ሳላዲን የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያ በረኛ መለሰው። ብዙም ሳይቆይ የእኛ በረኛ ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በዚያ ሰዓት የትኛውም አዋቂ «አለቀ» ይላል። አሥር ሰው የቀረው ቡድን ግን ኳሱን ይዞ መጫወቱን አልተወም፤ በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። በአፍሪካ ዋንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ ያገባነው የመጀመሪያው ግብ ይህ ነበር። አንድ ነጥብ ከሻምፒዮኑ ላይ፣ በአሥር ሰው።

አራት ቀን ቆይቶ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ሆነ። እዚህ ላይ «ሱዳን ካሸነፈቻት እኛማ» የሚለው ሒሳብ ፈረሰ። አላን ትራኦሬ የመጀመሪያውን አገባ። ከዕረፍት መልስ የቡርኪና ፋሶ በረኛ በቀይ ካርድ ሲወጣ አሁን ደግሞ እነሱ አሥር፣ እኛ አሥራ አንድ ሆንን። ከዚያ በኋላ ሦስት ግብ የገባው በእኛ ላይ ነው፤ ጨዋታው 4 ለ 0 አለቀ። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ይዘን ቆየን፤ ቪክተር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 አሸነፈን። በመጨረሻዋ ሰዓት በረኛችን ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ተቀያሪም አልቆብን፣ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጥልቆ ግብ ላይ ቆመ።

የምድቡ ሰንጠረዥ እንዲህ ተዘጋ፦ ቡርኪና ፋሶ 5 ነጥብ፣ ናይጄሪያ 5 ነጥብ፣ ዛምቢያ 3 ነጥብ፣ ኢትዮጵያ 1 ነጥብ። ቡርኪና ፋሶ በግብ ልዩነት አንደኛ ሆነች። የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ አንድም ጨዋታ ሳትሸነፍ፣ በሦስት አቻ ከምድቡ ወደቀች። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ቡድኖች ከዚህ ምድብ የወጡ ነበሩ። ናይጄሪያ ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ ግቡን ያገባው ሰንደይ ምባ ኬሺ ከአገር ውስጥ ሊግ ካመጣቸው አንዱ ነበር።

ስለዚህ ልጁ ኢትዮጵያን በትክክል ገምቷል፤ ነጥቡ ሳይቀር፣ አቻዋም ከማን ጋር እንደምትሆን ሳይቀር። ቡርኪና ፋሶን ግን ሦስተኛ፣ ዛምቢያን አንደኛ አድርጎ ስቷል። የተሳቀባት ልጅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ለእውነቱ ቀረበች። ለሁለቱም እኩል ማርክ ሰጥቻለሁ። «አገሬ ስለሆነች» ለሚለው ማርክ አልሰጠሁም፤ አንዳንዶቻችሁ የተቆጣችሁት በዚህም እንደሆነ ገብቶኛል።

አሁን ወደ አባቶች ጥያቄ ልመለስ። ግምት አንድ ነገር ነው፣ ፍቅር ሌላ ነገር ነው። ሐኪም የራሱን እናት መርምሮ «ደህና ነሽ» የሚላት ስለሚወዳት ከሆነ ሐኪም አይባልም። ልጅ የሚወደው ቡድን እንደሚሸነፍ አይቶ ሲናገር ከቡድኑ አልተለየም፤ ዓይኑን ከፍቶ እየተመለከተው ነው። «ስደተኛ ከተስፋ ሌላ ምን አለው? እሱንም ልትወስዱበት ነው?» ያሉኝ አባት ነበሩ። ንግግራቸው ልቤን ነክቶታል። ግን እስቲ አንድ ነገር ላስታውስዎ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በዚያ ጠዋት ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲጀመር ብዙ ሰው «እስከ ዳግም ትንሣኤ ይበርዳል» ይል ነበር። ይህን ያለው ወሬ ሰምቶ፣ ነገሩን መዝኖ አይደለም፤ እንዲበርድ ስለፈለገ ነው። ዱቄት ያልገዛ፣ ውኃ ያላጠራቀመ፣ ልጆቹን ይዞ መውጫ መንገድ ያልጠየቀ ቤተሰብ ስንት እንደነበረ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ወደ መደኒ የሄዱትም «መደኒ ሰላም ናት» ብለው ነው የሄዱት፤ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መደኒም ተያዘች። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ትክክለኛ ወሬ ከየት ይገኛል? ነገር ግን ምኞትና ግምት ተቀላቅለው በአንድ አፍ ሲወጡ የሚከፈለውን ዋጋ ማዮ ውስጥ ለማንም ማስተማር አያስፈልግም። ዛሬም መንገዱ ተከፍቷል አልተከፈተም፣ ስማችን ወጥቷል አልወጣም፣ እንመለስ ወይስ እንቆይ እያልን የምንውለው ግምት ውስጥ ነው። ልጁ «አራተኛ» ብሎ ስለጻፈ የተቆጡት አባት ነገ ይህንኑ ልጅ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁት እውነቱን እንዲነግራቸው ይፈልጋሉ ወይስ ደስ የሚላቸውን?

ምክንያት ያለው ግምት ተስፋን ይገድላል የሚሉም አሉ። እኔ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሱዳን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአንጎላ፣ ከጋናና ከኒጀር ጋር ስትደለደል ጋናን ትቶ ሱዳንን የሚያሳልፍ ሰው ከየት ይመጣል? አገሩ ጦርነት ላይ፣ ሊጉ ቆሟል፣ የራሷን ጨዋታ የምታስተናግደው ከአገሯ ውጭ ሄዳ ነው። ይሁንና አሠልጣኟ ኩዌሲ አፒያ ጋናዊ ነው፤ የጋናን ብሔራዊ ቡድን ራሱ ያሠለጠነ ሰው። ይህን የመዘነ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ይል ነበር። ሱዳን ጋናን ቤንጋዚ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. አለፈች፤ ጋና ቀረች። ስሙን ብቻ አይቶ «አራተኛ» የሚል ሰው ስሙን ብቻ አይቶ «አንደኛ» ከሚለው አይሻልም። (እዚህ ተወልደው ሱዳንን የሚደግፉ ልጆቻችንን በተመለከተ የቀረበልኝ ስሞታ አለ። እሱን በሌላ ጊዜ እጽፍበታለሁ፤ ለዛሬ ግን ከክፍሌ ማንም በዚህ ምክንያት አይሰደብም።)

ከአባቶቹ ጋር ከተነጋገርን በኋላ የተስማማንበት ነገር አለ፣ ሐሳቡም የእነሱ ነው። ከአሁን በኋላ መልመጃው ሁለት ዓምድ ይኖረዋል። በቀኝ በኩል «የምመኘው» ተብሎ ይጻፋል፤ እዚያ ላይ ኢትዮጵያን ዘጠኝም ነጥብ ቢሰጧት የሚከለክል የለም፣ ምክንያትም አይጠየቅም፣ ማርክም የለውም። በግራ በኩል «የምገምተው» ይባላል፤ እዚያ ላይ ያለ ምክንያት የተጻፈ ቁጥር አይታረምም።

የሚቀጥለው መልመጃ ቅርባችን የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1970 የአፍሪካ ዋንጫ በሱዳን ሲካሄድ እዚህ ካርቱም ላይ የተጫወተው ምድብ ሱዳንን፣ አይቮሪ ኮስትን፣ ካሜሩንንና ኢትዮጵያን የያዘ ነበር። ከውድድሩ በፊት የሚታወቀው ይህ ነው። ሱዳን አዘጋጅ ናት፤ በ1959 እና በ1963 ሁለተኛ ወጥታለች፣ ዋንጫ ግን ወስዳ አታውቅም። አይቮሪ ኮስት በ1965 እና በ1968 ሦስተኛ ሆናለች፤ የ1968ቱን የሦስተኝነት ጨዋታ ያሸነፈችው ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0 ረትታ ነው። ካሜሩን በዚህ ውድድር ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነው። ኢትዮጵያ በ1962 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን የወሰደች፣ በ1963 እና በ1968 ግን አራተኛ የወጣች ናት። እነዚህ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ፤ የካርቱሙ ውድድር በእኛ 1962 ዓ.ም. ስለሆነ ዋንጫ ከወሰድንበት ከፈረንጆቹ 1962 ጋር የሚያምታታ ተማሪ እንዳይኖር።

ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍልም መሳተፍ ይችላሉ። ደብተር ያለቀበት ተማሪ ወረቀት ከእኔ ይውሰድ። የሚሰበሰበው ሐሙስ ከእረፍት በፊት ነው። በዚያን ጊዜ በሬዲዮ የሰማችሁ፣ ውጤቱን የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች፣ አደራ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ ለልጆቻችሁ አትንገሩብኝ።